ፔንግዊን የት ይታያል? አስቀድሞ የደጃችንን እንይ



ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያለው አሁን ያንብበው፣ የቸኮለ ማታ ቡና ሲፈላ ይመለስበት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። ድሮ ጋምቤላ ባዮሎጂ ያስተማርኩት፣ ዛሬ አዲስ አበባ ትዳር ይዞ የሚኖር ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ልጄ ፔንግዊን በቅርብ ካላየሁ ብላ እያስቸገረችኝ ነው። የት ነው የሚታየው? ከቻልኩ በዱር፣ ካልሆነም መካነ አራዊት ውስጥ» ይላል። ጥያቄው ደስ ይላል። ልጅ ስትጠይቅ መልስ ፍለጋ የሚሄድ አባት ማየት በራሱ ደስ ይላል። መልሱ ግን ከእሱ አልፎ ለብዙዎቻችሁ ስለሚሆን እዚህ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ በቀጥታ የተጠየቅኩትን ልመልስ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዱር የሚኖር ፔንግዊን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። በዓለም ላይ 18 ገደማ የፔንግዊን ዝርያዎች አሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል ኑሯቸው ከምድር ወገብ በታች፣ በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነው። ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ያሉት ብቻ የምድር ወገብን ጫፍ ይነካሉ። በካርቱን ላይ ከነጭ ድብ ጋር ሲጫወቱ የምታዩዋቸው ሠዓሊው አገናኝቷቸው ነው። ነጭ ድብ የሰሜን ነው፣ ፔንግዊን የደቡብ፤ በተፈጥሮ ተገናኝተው አያውቁም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የዱር ፔንግዊን የሚገኘው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕታውን ወጣ ብላ ሳይመንስ ታውን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ቦልደርስ ቢች በሚባለው የባህር ዳርቻ የአፍሪካ ፔንግዊኖች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰፍረዋል። በረዶ የለም፤ አሸዋና ድንጋይ፣ ከላይም ፀሐይ ነው። ሰው በእንጨት በተሠራ መተላለፊያ ላይ ይሄዳል፣ እነሱ ከሥር ይንጎራደዳሉ። የመግቢያ ክፍያ አለው።

በግዞት ያሉትን ለማየት ደግሞ ለኛ ሰው የሚቀርበው ዱባይ ነው። አንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ስኪ ዱባይ በሚባለው የበረዶ አዳራሽ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪንግና ጄንቱ የሚባሉ ዝርያዎች ይታያሉ። ውጭ አርባ ምናምን ዲግሪ፣ ውስጥ ከዜሮ በታች። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሳንዲዬጎ ሲወርልድ ሄዳችሁ ትልቁን ኤምፐረር ፔንግዊን ማየት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ለልጅቷ አብራችሁ ንገሩልኝ። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ፔንግዊን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ» ከሚባለው ደረጃ ገብቷል። የቀሩት የሚራቡ ጥንዶች ከ10 ሺህ በታች ናቸው። ዋናው ምክንያት ረሃብ ነው። የሚበሉትን ሰርዲንና አንቾቪ ዓሣ ጀልባው ቀድሞ ያጠምደዋል፣ የባህሩ ሙቀት መለወጥም ዓሣውን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶባቸዋል። በየሞባይሉ ስክሪን የሚጨፍር ፍጡር በራሱ ሰፈር እየተራበ ነው ማለት ነው። ዝና ሆድ አይሞላም።

የጥያቄው መልስ ይሄው ነው። አሁን እኔ በተራዬ ልጠይቅ።

አባትየው ጋምቤላ ተወልዶ ነው ያደገው። ባሮ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ልጅ ነው። ልጁ ነጭ ጆሮ ቆርኬ አይታ ታውቃለች? ስሙንስ ሰምታ ታውቃለች? እሱ ራሱስ አይቷል?

ብዙዎቻችሁ እንዳላያችሁ አውቃለሁ። ለዓመታት ክፍል ውስጥ «የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥሩ» ስላችሁ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ኒያላ፣ ጭላዳ ትሉኝ ነበር። ትክክል ናችሁ፤ ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ «ዋልያዎቹ» ነው የሚባለው። ግን የጠራችኋቸው ሁሉ የደጋ እንስሳት ናቸው። ጋምቤላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የጋምቤላን እንስሳ የሚጠራ ተማሪ ከስንት አንዱ ነበር። የሚጠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጆር ወይም ከአኮቦ የመጣው ልጅ ነው፤ እሱ የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ ነው፣ አንዳንዴም በልቶ።

እስቲ ስለ ደጃችን ልንገራችሁ።

ነጭ ጆሮ ቆርኬ መካከለኛ ቁመት ያለው የሜዳ እንስሳ ነው። ሴቷ ቀይ ዳማ፣ ቀንድ የሌላት ናት። ወንዱ ሲወለድ እንደሷ ቀላ ብሎ ይወለድና ሲጎለምስ እየጠቆረ ይሄዳል። ጥቁር ገላ ላይ ነጭ ጆሮ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት። ቀንዱ ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ ጫፉ ቀና ይላል። እንደ አለባበስ ብንቆጥረው ከፔንግዊን ቀሚስና ሱፍ አያንስም።

ትልቁ ነገሩ ግን ጉዞው ነው። በየዓመቱ ዝናቡንና ሳሩን እየተከተለ በደቡብ ሱዳኖቹ የቦማና የባዲንጊሎ ፓርኮችና በእኛው ጋምቤላ መካከል በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይዞራል። በጋው ሲጠነክር ውኃና ለምለም ሳር ፍለጋ ወደ አኮቦና ጊሎ ወንዞች አካባቢ ይመጣል። ፓስፖርት የለው፣ ቪዛ የለው።

ቁጥሩን ስሙ። በ2007 እ.ኤ.አ. ከረጅሙ የሱዳን ጦርነት በኋላ በአውሮፕላን በተደረገ ቆጠራ በደቡብ ሱዳን ከ800 ሺህ በላይ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ተገመተ። ያኔ ዓለም ጉድ አለ፤ ጦርነቱ ጨርሷቸዋል ተብሎ ነበርና። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦማንና ባዲንጊሎን የሚያስተዳድረው አፍሪካን ፓርክስና የደቡብ ሱዳን መንግሥት አዲስ ቆጠራ ይፋ አደረጉ። ነጭ ጆሮ ቆርኬ፣ ቲያንግ፣ የሞንጋላ ሚዳቋና ቦሆር ተደምረው ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ፤ ከዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ። በምድር ላይ ከሚታወቁት የየብስ አጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ ነው ተባለ። በቴሌቪዥን ዓመት ሙሉ የምናየው የሴሬንጌቲው ዊልደቢስት 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው።

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባል የለ? እኛ ደግሞ አባይን ደጃችን አስቀምጠን የጎረቤት ምንጭ በስክሪን እናደንቃለን።

በርግጥ ያ ሁሉ ሚሊዮን ወደኛ ይሻገራል ማለት አይደለም። ቆጠራው የተደረገው በደቡብ ሱዳን በኩል ነው፤ ወደ ጋምቤላ የሚገባው ከዚያ ላይ የሚከፈል ነው። ግን ከዓለም ትልቁ ፍልሰት አንድ ጫፉ በኛ መሬት ላይ ያርፋል። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም ስፋቱ ከ5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው፣ ዋና ዓላማውም እነዚህን መጠበቅ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ሁለተኛዋ የናይል ሌችዌ ናት። ይቺ የረግረግ እንስሳ ናት፤ ሰኮናዋ ረዘምና ሰፋ ያለ ስለሆነ ጭቃ አይውጣትም። ወንዱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ ሻሽ ጣል ያደረገ ይመስላል። በዓለም ላይ በዱር የምትገኘው በደቡብ ሱዳን ረግረጎችና በኛ ጋምቤላ ብቻ ነው። ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ናት። ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር መካነ አራዊት ሄዶ የናይል ሌችዌን አይቶ ይመለሳል፤ የጋምቤላ ከተማ ልጅ ግን አላያትም።

ሦስተኛዋን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሹቢል። አረቦቹ አቡ መርኩብ ይሏታል፣ «ባለጫማዋ» እንደማለት ነው፤ ምንቃሯ ትልቅ የእንጨት ጫማ ይመስላልና። ቁመቷ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ያህል ቆማ ታያችኋለች። ረግረግ ውስጥ እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ትቆማለች፣ ትቆማለች... ከዚያ በድንገት ሙሉ ገላዋን ይዛ ትወድቅና ሳንባ ያለውን ዓሣ ከነጭቃው ታነሳዋለች። በዓለም ላይ የቀሩት ከ10 ሺህ በታች ናቸው። በግዞት ሆና መራባት እምቢ ብላለች፤ ዓለም ሙሉ በመካነ አራዊት የተፈለፈሉት ከጣት ቁጥር አይበልጡም።

ይቺን ወፍ በቅርብ ለማየት ሰው የት ይሄዳል መሰላችሁ? ቶኪዮ ዌኖ መካነ አራዊት ይሄዳል። ፕራግ ይሄዳል። ቤልጂየም ፔሪ ዳይዛ ይሄዳል። በዱር ለማየት ደግሞ ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ አጠገብ ማባምባ ረግረግ ይሄዳል። የጋምቤላ ፓርክ ሲቋቋም ከታሰቡት እንስሳት አንዷ እሷ መሆኗን የሚያውቅ ጃፓናዊ ሳይኖር አይቀርም። የጋምቤላ ልጅ ግን አያውቅም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያለው ሰው ይሄን አይቶ ይሆን?

አሁን ወደ ሐሳቤ ልግባ። ይሄን ነገር ባነሳሁ ቁጥር አንድ ወዳጅ «ታዲያ ለምን ጋምቤላ ከተማ ላይ መካነ አራዊት አይሠራም? ሕዝቡም ያያል፣ ቱሪስትም ይመጣል» ይለኛል። በጎ ሐሳብ ነው። እኔ ግን አልስማማም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መካነ አራዊትን በጅምላ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ውሰዱ። በንጉሡ ዘመን በ1940 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ ናቸው ይባላል፣ ከኛው አቅጣጫ ማለት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የእነዚያ ባለጥቁር ጎፈር አንበሶች ዘር ከሌሎች ከተጠኑት አንበሶች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። ግቢው ጠባብ ነው፣ ሲተችም ኖሯል። ግን ያ ዘር ሳይጠፋ የቆየው እዚያ ነው። ስንት የመርካቶና የሽሮ ሜዳ ልጅ በሕይወቱ አንበሳ ያየው እዚያ ብቻ ነው። ይሄ ውለታ ነው፣ አይካድም።

በሆለታ መንገድ መናገሻ አካባቢ ያለው እንስሳ ኮቴ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ቦርን ፍሪ የሚባለው ድርጅት ያቋቋመው ሲሆን ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪ የተነጠቁ፣ በየግቢው በሰንሰለት ታስረው የተገኙ እንስሳት የሚያገግሙበት ሰፊ ቦታ ነው። እዚያ ያለው አንበሳ ወደ ዱር መመለስ ስለማይችል ነው ያለው። ልጅን እዚያ ወስዶ «ይሄ አንበሳ ለምን እዚህ መጣ?» ብሎ ማስረዳት ትልቅ ትምህርት ነው።

እንግዲህ ግዞት ትርጉም የሚኖረው እንስሳው ሌላ መሄጃ ሲያጣ ነው። ቆርኬው መሄጃ አለው። በእግሩ እየሄደ ነው! በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፍጡርን በአርባ ሜትር አጥር ከተን «ይሄ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው» ብንል ለልጆቻችን ያሳየነው ቆዳውንና ቀንዱን ነው፤ ጉዞውን አላሳየናቸውም። ሹቢሏማ ጭራሽ ጎጆዋ ሲነካ ጫጩቷን ጥላ የምትሄድ ዓይን አፋር ወፍ ናት። ደግሞ የአንበሳ ግቢ ሥጋ በየቀኑ ይፈልጋል፣ ሐኪም ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል። መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚነካበት ከተማ በጀት ያለቀ ዕለት የሚሆነውን አስቡት።

ስለ መታሰር ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ስሙን የማልጠራው ግቢ ውስጥ ለእንግዳ መዝናኛ ተብላ በአጭር ሰንሰለት የታሰረች የጦጣ ግልገል አይቻለሁ። ልጆች ብስኩት እየወረወሩላት ፎቶ ይነሳሉ። ወገቧ ላይ ሰንሰለቱ ፀጉሯን ልጦታል። ይሄ «በቅርብ ማየት» አይባልም። ግልገል የሚያዘው እናቱ ተገድላ መሆኑን አትርሱ። እንዲህ ያለ ቦታ ስታዩ ፎቶ አትነሱ፣ ገንዘብም አትክፈሉ። ደምበኛ ካጣ ይቆማል።

እና «በቅርብ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ እንስሳው የሚሠራውን ሳያቋርጥ ማየት የምትችልበት ርቀት ነው። ሳሩን መጋጡን ትቶ ቀና ካለ ቀርበሃል። ከሮጠ አጥፍተሃል። ሩዋንዳዎች ተራራ ጎሪላ ሲያስጎበኙ በቀን ለአንድ የጎሪላ ቤተሰብ ከስምንት ሰው በላይ አያስገቡም፣ ጊዜውም አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ለዚያች አንድ ሰዓት 1,500 ዶላር ያስከፍላሉ። ከገቢው ደግሞ 10 በመቶው በፓርኩ ዙሪያ ላለው ሕዝብ ይመለሳል። ሕግ ሲኖር ቱሪስት አይሸሽም፤ እንዲያውም ወረፋ ይይዛል።

ርቀት የሚጠብቀው እነሱን ብቻም አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. አንድ ወጣት የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ላይ ሲዋኝ አዞ በልቶታል። አካባቢው ያሉ ሰዎች «አትግባ» ብለው ነበር ይባላል። ባሮ ዛሬም ያው ባሮ ነው፤ ልጆቻችን ዛሬም ይዋኙበታል። ልብ በሉ።

አሁን የሚከብደው ጥያቄ። «ቲቸር፣ ሰው ሳይበላ ስለ ቆርኬ ታወራለህ?» የሚለኝ አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። ክልላችን ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልሏል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ጥሰው የገቡ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ገድለው ከመቶ በላይ ሕፃናት ወስደዋል። ያን ቀን የሚረሳ የለም። ድንበር አካባቢ የሚኖር ሰው መሣሪያ የያዘው ከብቱንና ልጁን ለመጠበቅ ነው። የቆርኬው መንጋ ሲመጣ ያው መሣሪያ ወደ መንጋው ቢዞር፣ በሩቅ ተቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው።

ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የአካባቢው ሰው እንስሳ ጠባቂነት ከኔ አልተማረም። በኑዌር ዘንድ አንበሳን፣ አዞን፣ ሰጎንን እንደ ዘመዱ የሚቆጥር፣ የማይገድል ጎሳ እንዳለ በመጻሕፍትም ተጽፏል፣ ሽማግሎችም ይነግሯችኋል። ድሮ በጦር የሚታደነው ለቤት የሚበቃ ነበር። በክላሽ የሚታደነውና ደርቆ ለገበያ የሚጫነው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ መንጋው ካለቀ መጀመሪያ የሚራበው ያው ድሃ ነው። ነጋዴው ሌላ ንግድ ይጀምራል።

መሬትም አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ካሩቱሪ ለተባለ የህንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር የጋምቤላ መሬት በሊዝ ተሰጥቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ውሉን ሲሰርዝ የለማው ከጠቅላላው በጣም ትንሹ ነበር። እርሻ አያስፈልግም አልልም፤ እንጀራ ከሰማይ አይወርድም። ግን ካርታ ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ የሚሰመረው የከብት ግጦሽ ነው፣ የዓሣ ማጥመጃ ነው፣ የቆርኬ መንገድ ነው። ፓርኩ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ወሰኑ በሕግ ሳይጸና ቆይቷል። ወሰን የሌለው ቤት ጎረቤት በየዓመቱ አንድ እርምጃ ይገፋዋል።

ኡጋንዳ ማባምባን ላስታውሳችሁ። እዚያ ዓሣ አጥማጆች ሹቢልን ያየ ሰው ያን ቀን ዓሣ አይቀናውም ብለው ያምኑ ነበር፤ ባዩዋት ቁጥር ይገድሏት ነበር። ዛሬ እነዚያው አጥማጆች ጎብኚውን በታንኳ እየቀዘፉ ወስደው ያሳያሉ፣ ክፍያውም ኪሳቸው ይገባል። ወፏ ያው ወፍ ናት። የተቀየረው እሷ ስትቆም ማን እንደሚጠቀም ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም፤ ከመካነ አራዊት በጣም ይረክሳል።

አንድ፦ የጋምቤላ ከተማ ትምህርት ቤቶች በየበጋው ቢያንስ አንድ ክፍል ተማሪ በአውቶቡስ ያውጡ። ፍልሰቱ ያለበት ድረስ መድረስ መንገዱና ጸጥታው የሚፈቅድበት ዓመት ይኖራል፣ የማይፈቅድበትም ይኖራል። ካልተቻለ ወደ አቦቦ ወጥቶ አልዌሮ ግድብ ላይ ወፎቹን ማየት ይቻላል፤ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎደሬ ሄዶ በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበውን የመዠንገር ደን፣ ከነጉሬዛው ማየት ይቻላል። ሌላው ቢቀር ባሮ ገደል ላይ ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩትን ቀይ ጉሮሮ ንብ በል ወፎች ለማየት የእግር መንገድ በቂ ነው። አባ ኮዳማ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል!

ሁለት፦ ከተማው ላይ አንድ ትንሽ አዳራሽ ይኑር። አጥር የለው፣ የታሰረ እንስሳ የለው። ፎቶ፣ የቀንድና የራስ ቅል ናሙና፣ የጉዞውን መስመር የሚያሳይ ትልቅ ካርታ፣ የእያንዳንዱ እንስሳ ስም በኑዌርኛ፣ በአኝዋሃ፣ በመዠንገር፣ በኦፖ፣ በኮሞና በአማርኛ። ስሙን ሽማግሎች ይንገሩን፣ ተማሪዎች ይጻፉት።

ሦስት፦ የፓርኩ ጠባቂና አስጎብኚ ከዚያው ከጆር፣ ከጎግ፣ ከኢታንግና ከአኮቦ ልጆች ይሁን፤ ከገቢውም ድርሻ ወደ ቀበሌው ይመለስ። በቃል ሳይሆን በሕግ።

አራት፦ መሬት ለማንም ከመሰጠቱ በፊት የእንስሳቱ መተላለፊያ ይታይ። ወሰኑም ይጽና።

ለመምጣት ለምታስቡ ደግሞ፦ ከአዲስ አበባ አውሮፕላን አለ፤ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኑ ስል በበጋ ነው፤ ክረምት ሜዳው ውኃ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ስላለ መጀመሪያ እዚያ ሂዱና ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ጠይቁ፤ ጠባቂ ሳትይዙ አትውጡ። አጎበር አትርሱ፣ የኛ ወባ እንግዳ አታከብርም።

ይቺ ከተማ እኮ ድሮ ዓለም በመርከብ ይመጣባት የነበረች ናት። ከ1902 እ.ኤ.አ. ውል በኋላ ክረምት ክረምት መርከቡ ከካርቱም እየተነሳ፣ ባሮን ሽቅብ ወጥቶ እዚሁ ይቆም ነበር፤ ቡናችንን ጭኖ ይመለሳል። ያኔ የሚመጡት ከኛ ሊወስዱ ነበር። አሁን ዓይተው ብቻ የሚመለሱ እንግዶች ቢመጡልን ምን ይለናል? የሚታየው ነገር እስካለ ድረስ።

ለዚያ ለቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ብዬ ጽፌለታለሁ፦ አቅም ካለህ ልጅህን ኬፕታውን ውሰዳት፣ ፔንግዊን ማየት ኃጢአት አይደለም። ግን ከዚያ በፊት አያቷ አገር አምጣት። ሰው የማያውቀውን አይጠብቅም። ፔንግዊንን የሚያለቅስለት ዓለም ሙሉ ሰው አለ፤ ነጭ ጆሮ ቆርኬው ቢጠፋ ግን ማን ነው «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ? ከኛ በቀር ማንም የለውም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ጋምቤላ ያደጋችሁ፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው የትኛውን በዓይናችሁ አይታችኋል? የት? በየትኛው ወር? በቋንቋችሁስ ምን ይባላል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መምህራን ጓደኞቼ፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ለማውጣት ፈቃደኛ የሆነ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ ጡረታ ብወጣም ጫማዬ አልተሰቀለም። ለሚመለከተው እንዲደርስ ሼር አድርጉት።

ሰላም ሁኑልኝ።